ባሕር ዳር ላይ ሆኖ የሙዚቃ አፖችን ማወዳደር፦ ድምፁ፣ ዳታውና ብሩ

ስለ ሙዚቃ አፖች ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈውን ስታነቡ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ትልቁን ቁጥር ያቀረበ ያሸንፋል። አንዱ 320 ይላል፣ ሌላው ሎስለስ፣ ሦስተኛው 24 ቢት በ192 ኪሎኸርዝ። በሞባይል ዳታ፣ በመካከለኛ ስልክና በብሉቱዝ ኤርፎን ለሚሰማ የባሕር ዳር ሰው ግን ከእነዚህ ቁጥሮች ብዙዎቹ ጆሮው ጋ አይደርሱም። የሚደርሰውን ከማይደርሰው መለየት የሚቻለው በመሞከር ነው። ሙከራው አንድ የእረፍት ቀንና አንድ ታጋሽ ጓደኛ ይፈልጋል እንጂ ውድ ዕቃ አይጠይቅም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ አፕ ይመርጣል፣ ከዚያ ኤርፎን ይገዛል፣ ዘፈኖቹ መኖር አለመኖራቸውን የሚያየው በመጨረሻ ነው። እዚህ አፑ የሚመረጠው በመጨረሻ ነው።

መጀመሪያ ቁጥሮቹን ተዋወቋቸው

ሙዚቃ በኢንተርኔት ሲመጣ ወይ ታምቆና ተቀንሶ ይመጣል፣ ወይ ታምቆ ምንም ሳይጎድልበት ይመጣል። ሁለተኛው ነው ሎስለስ የሚባለው። የተቀነሰው የሚለካው በሰከንድ በሚወስደው ኪሎቢት ነው። ስፖቲፋይ ስልክ ላይ ከ24 ይጀምራል፤ ከዚያ 96፣ 160 እና 320 አለው። 320ውን የሚያገኙት ከፋዮች ናቸው። አፕል ሚዩዚክ በመደበኛው 256 ይልካል፤ ዩቲዩብ ሚዩዚክም ከፍተኛው 256 ነው። ዲዘር ለከፋዩ የሲዲን ጥራት፣ ማለትም 16 ቢት በ44.1 ኪሎኸርዝ ያቀርባል (ቢትና ኪሎኸርዝ ቀረጻው ምን ያህል በዝርዝር እንደተመዘገበ የሚነግሩ ናቸው)። ታይዳል እስከ 24 ቢት በ192 ይሄዳል።

ሎስለስ ድሮ ተጨማሪ ገንዘብ ያስከፍል ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ያለ ጭማሪ ሰጠ፤ ታይዳል በ2024 ሁለቱን የክፍያ ደረጃዎች አንድ አደረገ፤ ስፖቲፋይ በ2021 ቃል ገብቶ ዓመታት ካስጠበቀ በኋላ በመስከረም 2025 እስከ 24 ቢት በ44.1 ድረስ ለከፋዮች መልቀቅ ጀመረ። ስለዚህ «ሎስለስ አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዩቲዩብ ሚዩዚክ በቀር ዛሬ ትልልቆቹን አይለያቸውም። የሚለያቸው ሌላ ነገር ነው።

ከስልኩ እስከ ጆሮ ያለው መንገድ

በብሉቱዝ የምትሰሙ ከሆነ ይህን ክፍል ደግማችሁ አንብቡ። ስልኩ ሎስለስ ቢያወርድም ወደ ኤርፎኑ ሲልከው እንደገና ይቀንሰዋል። ሁሉም ብሉቱዝ ኤርፎን የሚያውቀው ኤስቢሲ የሚባለው አሠራር በተለምዶ ጣሪያው 328 ኪሎቢት ገደማ ነው። ኤልዳክ የሚባለው እስከ 990 ይደርሳል፤ ግን ስልኩም ኤርፎኑም ሊያውቁት ይገባል፣ አይፎን ደግሞ አያውቀውም። አፕል ራሱ የብሉቱዝ ግንኙነት ሎስለስ እንዳልሆነ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ጆሮ ውስጥ በሚሰካ ብሉቱዝ እየሰሙ ለሎስለስ ብሎ አፕ መቀየር ትርፉ ዳታ መጨረስ ነው።

ገመድ ያለው ኤርፎን ካላችሁ ፈተናው ትርጉም ይኖረዋል። ስልካችሁ የኤርፎን ቀዳዳ ከሌለው በቻርጀር ቀዳዳ የሚሰካ አዳፕተር ያስፈልጋል። አፕል የሚሸጠው ትንሿ አዳፕተር እስከ 24 ቢት በ48 ድረስ ታሳልፋለች፤ ለማናችንም ትበቃለች። 192 የሚለውን ቁጥር ለማየት ብሎ ከዚያ በላይ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። በእኔ ግምት ለአንድ ዓመት አፕ የሚከፈለው ገንዘብ ግማሹ ለደህና ባለ ገመድ ኤርፎን ቢውል ልዩነቱ ከየትኛውም አፕ ለውጥ ይበልጣል።

የምትሰሙበትን ቦታም አስቡ። ወደ ዘጌ በሚሄድ ጀልባ ላይ የሞተሩ ድምፅ ከሥር ያለውን ሁሉ ስለሚውጠው 96ም 320ም እኩል ናቸው። ባጃጅ ውስጥም እንዲሁ። ሙከራውን ጣና ዳር ዘንባባ ሥር አታድርጉት፤ ነፋሱም የጀልባው ጥሪም አያሰማችሁም። ቤት ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ይሻላል።

ሴቲንጉ ውስጥ ግቡ

ሳታስተካክሉ ካወዳደራችሁ የምታወዳድሩት የፋብሪካውን ምርጫ ነው። አብዛኞቹ አፖች ጥራቱን «ራስ ሰር» ላይ አድርገው ነው የሚመጡት፤ ኔትወርክ ሲደክም ሳይነግሯችሁ ጥራት ይቀንሳሉ። በየአፑ ገብታችሁ ለዋይፋይ፣ ለሞባይል ዳታና ለዳውንሎድ ያለውን ጥራት ለየብቻ በእጃችሁ ምረጡ። ሦስቱ የተለያየ ቦታ ስለሆኑ አንዱን ቀይሮ ሌላውን መርሳት የተለመደ ነው።

ቀጥሎ ኢኩዋላይዘሩን፣ ማለትም ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ የሚጨምረውን የሚቀንሰውን ማስተካከያ አጥፉ። የስልኩን ደግሞ አትርሱ፤ ብዙ ስልክ በራሱ ሴቲንግ ውስጥ ዶልቢ አትሞስ ወይም ቤዝ መጨመሪያ ተከፍቶ ነው የሚመጣው። በመጨረሻ የዘፈኖችን ድምፅ እኩል የሚያደርገውን ማስተካከያ ለፈተናው ጊዜ ዝጉት። ስፖቲፋይ ላይ ይህ ሲጫን ጀምሮ ክፍት ነው። አፕል ላይ ሳውንድ ቼክ ይባላል። አንዱ ላይ ተከፍቶ ሌላው ላይ ከተዘጋ አንዱ ጮክ ብሎ ይሰማል፤ ጮክ ያለ ድምፅ ደግሞ ለጆሮ ሁልጊዜ «የጠራ» ይመስለዋል።

የመፈተኛ ዘፈን አመራረጥ

የውጭ ጽሑፎች የሚመክሩትን የሮክና የጃዝ ዝርዝር ተዉት። የምታውቁት ድምፅ ነው ጉድለቱን የሚነግራችሁ፤ የእኛ መሣሪያዎች ደግሞ ለዚህ የተፈጠሩ ያህል አስቸጋሪ ናቸው።

በገና አንዱ ነው። አሥሩ አውታሮች ከድልድዩ ጋር በሚነኩበት ቦታ ዕንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ ትገባለች፤ ያ የታወቀው ዝዝዝታ የሚመጣው አውታሩ ቆዳዋን እየነካ ሲርገበገብ ነው። ከታች ወፍራሙ ድምፅ አለ፣ ከላይ በጣም ብዙ ጥቃቅን ድምፆች ይደረደራሉ። ስፖቲፋይን 24 ላይ አድርጋችሁ አንድ የበገና መዝሙር ስሙ፤ ከዚያ ያንኑ 320 ላይ። በዝቅተኛው ወፍራሙ ይቀራል፣ ዝዝዝታው ግን ወደ አንድ ወጥ ጩኸት ይለወጣል፤ አውታር ከአውታር መለየት ያቅታል። ወደ 160 ስትወጡ ልዩነቱን ለመያዝ ትኩረት መስጠት ትጀምራላችሁ። የት ላይ መለየት እንዳቃታችሁ ጻፉ፤ ያ ቁጥር የእናንተ ነው።

ሁለተኛው እልልታና ጭብጨባ ያለበት የሠርግ ወይም የመድረክ ቀረጻ ነው። ጭብጨባ ድምፅ ለሚያምቅ ፕሮግራም ከሁሉ የከፋ ፈተና ነው፤ በሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር ድንገተኛ ምቶች አንድ ላይ ስለሚመጡ ቢቱ አይበቃውም። ጥራት ሲያንስ እጅ ከእጅ የሚጋጭበት ሹል ድምፅ ይጠፋና ጭብጨባው ውኃ እንደገባበት ይሆናል። እስክስታ ሲደምቅ ጀርባ ላይ ያለውን አድምጡ፤ ዘፋኙን አትከተሉ።

ሦስተኛ መሰንቆ ብቻውን የሚገባበት መግቢያ። የፈረስ ጭራ በፈረስ ጭራ ላይ ሲፈተግ የሚሰማው ሸካራነት ላይ ነው ማተኮር። ከበሮ ደግሞ ለኤርፎኑ ፈተና ነው እንጂ ለአፑ አይደለም፤ ቤዝ በዝቅተኛ ጥራትም ብዙ አይጎዳም። «ቤዙ አሪፍ ነው» ብሎ አፕ የሚመርጥ ሰው ካገኛችሁ እሱ እያመሰገነ ያለው ኢኩዋላይዘሩን ነው።

አሁን ዋናው ጉዳይ፦ የቀረጻው ምንጭ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ በሸክላ ያሳተማቸውን የመሰሉ የዚያ ዘመን ሥራዎች አፖች ላይ በብዙ መልክ ይገኛሉ። አንዱ ከዋናው ቴፕ ተወስዶ በባለሙያ የጸዳ፣ ሌላው ከተጫረ ሸክላ የተቀዳ፣ ሦስተኛው ከካሴት ወደ ዩቲዩብ ወጥቶ ከዚያ ተመልሶ የወረደ ሊሆን ይችላል። የካሴት ዘመን ሥራዎች ላይ ችግሩ ይብሳል። ከደከመ ካሴት የተቀዳን ዘፈን በሎስለስ መስማት የካሴቱን «ሽሽሽ» ያለ አንዳች ጉድለት መቀበል ነው። ስለዚህ አንድ ዘፈን በሁለት አፕ ስታወዳድሩ የአልበሙ ስም፣ ያሳተመው ድርጅት፣ ዓመቱና የዘፈኑ ርዝመት በደቂቃና በሰከንድ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። ርዝመቱ በጥቂት ሰከንዶች ከተለያየ ምናልባት ሌላ ቅጂ ነው፤ የምትሰሙት ልዩነት የአፑ አይደለም።

ፍላሽ ላይ ከሚጫነው ሙዚቃ ጋርም ማወዳደር የሚፈልግ አለ። ፋይሉ 320 ስላለ 320 ነው ማለት አይደለም፤ ከ128 ተነስቶ እንደገና 320 ተብሎ የተቀየረ ሞልቷል። ስፔክ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ኮምፒውተር ላይ ጭናችሁ ፋይሉን ክፈቱበት። ሥዕሉ 16 ኪሎኸርዝ አካባቢ ላይ በቢላ እንደተቆረጠ ካቆመ ያደገው ስሙ ብቻ ነው። ዘፋኙ ምንም አለማግኘቱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሳያዩ መስማት

የትኛው አፕ እየዘፈነ እንደሆነ ካያችሁ ጆሯችሁ አይፈርድም። ኤርፎኑን እናንተ አድርጉ፣ ስልኩን ጓደኛ ይያዝ፣ ፊታችሁን አዙሩ። ዘፈኑ በሁለቱም አፕ ዳውንሎድ ተደርጎ ይጠብቅ፤ ኔትወርክ መሃል ገብቶ እንዳይበጠብጥ። ጓደኛችሁ ሳንቲም እየወረወረ አንበሳ ከሆነ አንዱን፣ ሌላው ገጽ ከሆነ ሌላውን ይከፍታል፤ ሃያ ሰከንድ ያህል ያሰማል፤ እናንተ «ሀ» ወይም «ለ» ትላላችሁ፤ እሱ ዝም ብሎ ወረቀት ላይ ይመዘግባል። ዝም ማለቱ ግዴታ ነው። «አሁንስ?» ሲል ድምፁ ራሱ ይነግራችኋል።

ከመጀመራችሁ በፊት የሁለቱን ድምፅ ከፍታ ማስተካከል አለባችሁ። በሌላ ስልክ ላይ የድምፅ መለኪያ አፕ ጫኑ፤ ኤርፎኑን ከማይኩ ጋር አስጠግታችሁ ያንኑ የዘፈን ክፍል በሁለቱም አጫውቱ። ልዩነቱ ከግማሽ ዴሲቤል በታች ቢሆን ጥሩ ነው። የስልክ የድምፅ ቁልፍ በትልልቅ እርምጃ ስለሚዘል እዚያ ላይደርስ ይችላል፤ እንደዚያ ከሆነ በግማሹ ሙከራ አንደኛው፣ በቀሪው ሌላኛው ትንሽ ከፍ እንዲል አድርጉት።

አሥር ጊዜ ድገሙ። በግምት ብቻ ዘጠኝና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድል ከመቶ አንድ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዘጠኝ ካገኛችሁ በእርግጥ ትለያላችሁ። ስምንት አጠራጣሪ ነው፣ ይደገም። ስድስትና ሰባት ምንም ማለት አይደለም፣ ምንም ያህል እርግጠኛ ሆናችሁ ቢሰማችሁ።

ኮምፒውተር ላለው ደግሞ አንድ ሳንቲም የማያስወጣ መንገድ አለ፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ፖሊ ወይም ፔዳ ግቢ ዶርም ውስጥ ላላችሁ ተማሪዎች የምመክረው ይህን ነው። አንድ ኦሪጅናል ሲዲ ተዋሱ፣ ፍላክ ወደሚባለው የሎስለስ ፋይል ቀይሩት፣ ከዚያ ፍላኩን በ96፣ በ160ና በ320 አድርጋችሁ አስቀምጡ። ፉባር 2000 የሚባለው ነጻ ማጫወቻ ኤቢኤክስ የሚባል ተጨማሪ አለው፤ ራሱ እያፈራረቀ ያሰማችኋል፣ ራሱ ውጤቱን ያሰላል። ለማንም ሳትከፍሉ የራሳችሁን ጣሪያ ታውቃላችሁ። ብዙ ሰው በ160 እና በ320 መካከል ይጠፋበታል፤ ከ320 በላይ ላይ ደግሞ በደህና ኤርፎንም ቢሆን የሚለይ ጥቂት ነው።

ዳታውን አስሉ

ኪሎቢቱን በ0.45 አባዙት፤ በሰዓት የሚበላውን ሜጋባይት ታገኛላችሁ። 96 ወደ 43 ሜጋባይት፣ 160 ወደ 72፣ 256 ወደ 115፣ 320 ወደ 144 ይወስዳል። የሲዲ ጥራት ሎስለስ እንደ ዘፈኑ ዓይነት ቢለያይም 400 አካባቢ ብላችሁ ያዙት።

በቀን ሁለት ሰዓት የምትሰሙ ከሆነ በወር 60 ሰዓት ነው። በ96 ወደ 2.6 ጊጋ፣ በ160 ወደ 4.3፣ በ320 ወደ 8.6፣ በሎስለስ 24 ጊጋ። አሁን ለመጨረሻ ጊዜ የገዛችሁትን የዳታ ጥቅል ዋጋ በጊጋው አካፍሉና አባዙበት። ከኢትዮ ቴሌኮምም ግዙ ከሳፋሪኮም፣ ሎስለስ በሞባይል ዳታ ሲሰማ የዳታው ሒሳብ የአፑን ክፍያ ጥሎት ሊያልፍ ይችላል። ዘፈን በዩቲዩብ ቪዲዮ የሚሰማ ደግሞ ላላየው ምስል ጭምር እየከፈለ ነው።

ስሌቱን በእውነተኛው አረጋግጡ፤ በስልኩ ሴቲንግ ውስጥ እያንዳንዱ አፕ የበላው ዳታ ይታያል። አንድ ሰዓት አዲስ ዘፈኖች ሰምታችሁ ቁጥሩን እዩ። አዲስ ያልኩት የተደጋገመ ዘፈን ስልኩ ውስጥ ተቀምጦ ስለሚቆይ ነው።

ኔትወርክ ሲጠፋ

ለእኛ አገር ሰው ይህ ክፍል ከድምፅ ጥራቱ ይቀድማል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ለወራት ቆይቷል። ያኔ ዘፈን የነበረው ስልኩ ላይ የያዘ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሁሉም አይደለም።

ምክንያቱ ይሄ ነው፦ ከአፕ ዳውንሎድ የምታደርጉት ዘፈን የእናንተ ፋይል አይደለም፣ ቀን የተቆረጠለት ኪራይ ነው። ስፖቲፋይ ቢያንስ በ30 ቀን አንድ ጊዜ ኢንተርኔት ካላገኘ የወረደውን ሁሉ ይቆልፈዋል። ዩቲዩብ ሚዩዚክም በ30 ቀን ውስጥ መገናኘት ይፈልጋል። ክፍያ ሲቋረጥም እንዲሁ ይዘጋል። ስለዚህ ኔትወርክ ሲወላውል ካያችሁ ዋይፋይ ያለበት ካፌ ወይም ሆቴል ገብታችሁ አፑን አንድ ጊዜ ክፈቱት፤ የ30 ቀኑ ቆጠራ እንደገና ይጀምራል።

ፈተናው አጭር ነው። ዳውንሎድ አድርጉ፣ ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉ፣ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ከዚያ ክፈቱ። ዝርዝሩ እያሳየ የማይዘፍን አፕ ካለ አሁኑኑ ታውቁታላችሁ። የስልኩን ቦታም ተመልከቱ፤ አምስት ደቂቃ የሚሄድ ዘፈን በ320 ወደ 12 ሜጋባይት፣ በሲዲ ጥራት ወደ 33 ይይዛል። ሺህ ዘፈን ስታደርጉት 12 ጊጋ ከ33 ጊጋ ጋር ነው የሚወዳደረው። የእኛ ዘፈን ደግሞ አምስት ደቂቃ ላይ መቼ ይቆማል።

በጣም የምትወዷቸውን አልበሞች ግን ግዙ። ባንድካምፕ ላይ የሚሸጥ ከሆነ በፍላክም በኤምፒ3ም ይሰጣችኋል፤ ሲዲው ካለ ወደ ፍላክ ቀይራችሁ አስቀምጡ። ያኔ 30 ቀን ብሎ ነገር የለም።

ዘፈኖቹ አሉ ወይ? በምን ይከፈላል?

ባለፈው ወር ደጋግማችሁ የሰማችኋቸውን ሃያ ዘፈኖች ወረቀት ላይ ጻፉና ከመክፈላችሁ በፊት በእያንዳንዱ አፕ ፈልጓቸው። በግዕዝ ፊደል ብቻ አትፈልጉ፤ ብዙ የእኛ ዘፈን የተመዘገበው በላቲን ነው፣ የዘፋኙም ስም በሦስት በአራት ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። ከሃያው አሥራ አምስት እንኳ ያልሞላበትን አፕ በድምፅ ጥራት አታወዳድሩት፣ ጊዜ ማባከን ነው።

የአገር ውስጥ አፖች የሚያሸንፉት እዚህ ጋ ነው። ኤልያስ መልካና የሙያ ጓደኞቹ በ2011 ዓ.ም. ያስጀመሩት አውታር መንገዱን ከፈተ፤ በኋላ ሰዋስው መጣ። ቡምፕሌይ ደግሞ ለአፍሪካ ገበያ የተሠራ ነው፤ ቴክኖ ወይም ኢንፊኒክስ ስልክ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ጥራታቸውን በቁጥር ባይጽፉላችሁም በበገናውና በጭብጨባው ፈተና ይታወቃሉ።

ክፍያ ላይ ለየአፑ ሦስት ነገር ጻፉ፦ በብር ይከፈላል ወይስ በዶላር ካርድ፤ በወር ስንት ነው፤ የተማሪ ወይም የቤተሰብ ዋጋ አለው ወይ። ዋጋው በየአገሩ ስለሚለያይ ከውጭ ጽሑፍ አትውሰዱ፣ በራሳችሁ አካውንት የሚታየውን እዩ። በቴሌብር የሚከፈል አፕ ዋጋው ከምንዛሬው ጋር አይዋዥቅም፤ የዶላሩ ግን ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ በብር ሲታሰብ ከወር ወር አንድ አይደለም። ውጭ አገር ያለ ዘመድ በቤተሰብ ጥቅል እንዲያስገባችሁ ካሰባችሁ የስፖቲፋይ ደንብ አባላቱ አንድ አድራሻ እንዲኖሩ እንደሚጠይቅ እወቁ። ክራክ የተደረገ አፕ ከቴሌግራም አውርዶ መጫን ከምርጫዎቹ ውስጥ አልገባም፤ የባንክ አፕ ያለበት ስልክ ላይ በተለይ።

እኔ እንዴት እንደምመርጥ

በብሉቱዝና በሞባይል ዳታ ለሚሰማ፦ በብር የሚከፈል፣ ከሃያው ብዙውን የያዘ አፕ፤ ዳውንሎዱ ከፍተኛው ላይ፣ የዳታው 96 ላይ። ቤት ዋይፋይና ባለ ገመድ ኤርፎን ላለው፣ የሎስለስ ፈተናውንም ላለፈ፦ አይፎን ከያዘና አካውንቱ ላይ ከተከፈተለት አፕል ሚዩዚክ፣ ካልሆነ ከታይዳልና ከዲዘር የሚከፈትለትና ዘፈኖቹን የያዘለት። ፈተናውን ላላለፈ 320 ይበቃዋል፣ ማዘን የለበትም። ትኩረቱ የቆዩ ሥራዎች ላይ ለሆነ ደግሞ አፕ ከመምረጥ ይልቅ የጸዳውን ቅጂ ፈልጎ መግዛት።

የነጻ ሙከራ ወር የሚሰጡትን አንድ በአንድ ጀምሩ፣ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትክፈቱ። ካርዱን ባስገባችሁበት ቀን ማቆሚያውንም ተጫኑት፤ አብዛኞቹ ካቆማችሁም በኋላ የሙከራው ጊዜ እስኪያልቅ ያሰማሉ። አፕል ላይ ግን የነጻው ሙከራ ወዲያው ሊቋረጥ ስለሚችል ለእሱ ማብቂያው ሁለት ቀን ሲቀረው የሚጮህ ማስታወሻ ስልካችሁ ላይ ሙሉ።